የፕሬዚዳንቶቹ መሳቢያ

የዛንደርሜር ከተማ ምክር ቤት ዓለምን መገሠጽ ይወዳል። ከተማዋ በሆላንድ ሰሜን ዳር ያለች፣ ዘጠኝ ሺህ ሰውና አርባ ሺህ በግ የሚኖርባት ናት፤ ዓለም ግን ስሟን ሰምቶ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ በአሥር ዓመት ውስጥ ለሰባት አገር ፕሬዚዳንቶች ሰባት የውግዘት ደብዳቤ ልካለች። ሰባቱም ተመልሰዋል። አንዱ ቴምብሩ አልበቃ ብሎ፣ አንዱ አድራሻው ጠፍቶ፣ አንዱ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎት። ይህን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ ዌሰል። ፖስታ የሚቀበለው እሱ፣ የከንቲባዋን የማዕረግ ሐብል የሚወለውለው እሱ፣ ቡና ቀድቶ ብስኩት የሚያድለው እሱ። የተመለሱትን ደብዳቤዎች ከሐብሉ መወልወያ ጨርቅ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ከቷቸዋል። ለማንም አልተናገረም፤ የጠየቀው የለማ።

ዌሰልን የሚጠይቅ ከጠፋ ቆይቷል። በዚያ አገር ሰው ሥራ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሞላው ኬክ ይቆረስለታል። የዌሰል ቀን የዋለው የቀድሞው ከንቲባ ውሻ በሞተ ማግስት ነበርና ኬኩ ቀረ። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ካርድ ሰጡት፤ ካርዱ «ለውድ ዊትሰ» ይላል። ዊትሰ ማለት የማሞቂያው ጠጋኝ ነው። ዌሰል ካርዱን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ቂምም እንደ ምግብ ነው፤ ካልተናፈሰ ይሻግታል።

ትምህርቱ ብዙ አልገፋም። አናጺነት ሁለት ዓመት ተምሮ አባቱ ሲሞት አቋረጠ። ግን ሃያ ስድስት ዓመት የምክር ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ሳይወድ በግዱ ደንብ ያውቃል። የምክር ቤቱ አባላት የማያነቡትን ወረቀት ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ያውቃል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ከየጠረጴዛው የሚሰበስበው እሱ ነው፣ ገጾቹ እንደተጣበቁ።

ይህን ሰው «ጌታዬ» ብሎ የሚጠራው በምድር ላይ አንድ ሰው ነበር። ሙኪቢ ይባላል፤ ከዩጋንዳ የመጣ ስደተኛ ነው። በከተማው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ውስጥ ዌሰል ትልቁን ከበሮ ሲመታ ሙኪቢ ትልቁን ጥሩንባ ይነፋል፤ ያን የዳቦ ጋጋሪው አባት ከሞተ ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጋድሞ የነበረ፣ አንድ ጥጃ የሚያህል ጥሩንባ። ልምምድ በመጣ ቁጥር «እንዴት አመሸህ፣ ሴቦ» ይለዋል። በአገሩ ለታላቅ ሰው እንዲህ ይባላል። ዌሰል መጀመሪያ የሚያሾፍበት መስሎት አንድ ወር ሙሉ አኩርፎት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሙኪቢ ጥሩንባውን ሳይከፍት መጣና የታጠፈ ወረቀት ሰጠው።

«አንብበው፣ ሴቦ።»

ዌሰል መነጽሩን አውጥቶ አነበበ። የስደተኞች ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት ማመልከቻውን ውድቅ አድርጎታል። በዩጋንዳ ወንድ የሚወድ ወንድ ዕድሜ ልክ እንደሚታሰር መሥሪያ ቤቱ ጠንቅቆ ያውቃል፣ ያዝናልም፤ ሙኪቢ ወንድ የሚወድ መሆኑን ግን አላመነም።

«ምን ብለሃቸው ነው?»

«መጀመሪያ ወንድ ስትወድ ምን ተሰማህ አሉኝ። ይሄ የኔና የሱ ጉዳይ ነው አልኳቸው። ‹ስሜቱን መግለጽ አልቻለም› ብለው ጻፉ።»

«የሐርመንን ነገርስ አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። ማስረጃ አለ ወይ አሉኝ።»

ዌሰልን ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፈረ። ሐርመን ብስክሌት ጠጋኙ ነው። ሁለት ዓመት ከሙኪቢ ጋር ኖሮ፣ የሙዚቃ ጓዱ ዓመታዊ የፓንኬክ ምሽት ላይ፣ መቶ ሰው ፊት ተጣልተው ተለያዩ። ሙኪቢ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ሲያለቅስ የክላርኔት ነፊዎቹ ሁለተኛ ረድፍ አብሮ አለቀሰ። ዛንደርሜር ውስጥ ያን ያልሰማ በግ እንኳ የለም።

«ጠበቃህ ምን አለች?»

«የሚያውቅህ አካል፣ መንግሥታዊ የሆነ፣ ማኅተም ያለው ምስክርነት ይጻፍልህ አለች። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካመጣሁ እንደገና ታስገባዋለች። ካላመጣሁ ሰኞ አውሮፕላን ነው።» ሙኪቢ ወረቀቱን መልሶ አጣጠፈ። «ካረፍኩ በኋላ እዚያ ያሉት ማስረጃ አይጠይቁኝም።»

ዌሰል ከበሮውን ሁለት ጊዜ ያለ ቦታው መታ። በዚያ ምሽት ለራሱ የነገረው፣ የሚያሳስበው ጥሩንባው ነው ብሎ ነው፤ ያን ጥጃ ሌላ ማን ይሸከመዋል?

በማግስቱ ረቡዕ ወደ ሊደዋይ ቢሮ ሄደ። ሊደዋይ የምክር ቤቱ ትልቁ ፓርቲ መሪ ናት፣ በሙዚቃ ጓዱም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ክላርኔት ትነፋለች። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ከበጋው ዕረፍት በፊት በሚደረገው የመጨረሻ ስብሰባ፣ በዩጋንዳ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ላይ የሚደርሰውን ግፍ የሚያወግዝ የውሳኔ ሐሳብ የምታቀርበው እሷው ነበረች። ዌሰል ቡናዋን አስቀምጦ ነገሩን ባጭሩ ነገራት።

«አይ ዌሰል» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ልቤን ነው የሰበርከው። ግን ይሄ የግለሰብ ጉዳይ ነው። ምክር ቤት በግለሰብ ጉዳይ አይገባም።»

«የዩጋንዳው ፕሬዚዳንትስ ግለሰብ አይደለም?»

«እሱ ሌላ ነው። ደግሞ ስደተኛ የማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን ነው።»

«የውጭ ጉዳይስ የማን ነው?»

«እሱም የማዕከላዊ መንግሥት ነው፤ የኛ ድምፅ ግን እዚያ ላይ ምሳሌያዊ ነው። ገባህ? አያስገድድም። የሙኪቢን ብንጽፍ ግን የሚያነበው ሰው አለ፤ ያን ጊዜ ጣልቃ መግባት ይሆናል።»

ዌሰል ገባው። የማይሰማህን ሰው መገሠጽ ይፈቀዳል፤ የሚሰማህን ሰው መለመን ነው የሚከለከለው።

«እሺ፣ ራሱ ቀርቦ ይናገርልን።»

ሊደዋይ ሰዓቷን አየች። «ለመናገር እስከ ስድስት ሰዓት መመዝገብ ነበረበት፤ አሁን ስድስት ተኩል ሆነ። ቅጹም ቋሚ አድራሻ ይጠይቃል፤ ልጁ ያለው መጠለያ ነው። ግን ፊተኛው መቀመጫ ላይ ይቀመጥልኝ። ከስብሰባው በኋላ የቀስተ ደመናው ባንዲራ ሲሰቀል የሙዚቃ ጓዱ ይጫወት የለ? ከነጥሩንባው ይምጣ። እኛ እንናገርለታለን።» ብላ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ዌሰል በሩ ጋ ሲደርስ ጠራችው። ፈጥኖ ዞረ። «ብስኩት አልሰጠኸኝም» አለችው።

በዚያ አገር ለአንድ ቡና አንድ ብስኩት ነው፤ የብስኩቱ ቆርቆሮ ወዲያው ይከደናል። ደንብ ነው። ዌሰል ያን ቀን ሳይከፍተው ሄደ።

ቤቱ ገብቶ ከዊትሰ ካርድ ሥር ተቀመጠና አሰበ። ከምክር ቤቱ አጀንዳ ሁሉ ማንም የማያየው አንድ ንጥል አለ፤ የደረሱ ደብዳቤዎች ዝርዝር። እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ መስመር ይሰጠዋል፣ ከጎኑ ምን ይደረግ የሚል ሐሳብ ይጻፋል፤ «ለመዝገብ»፣ «ለከንቲባ ይመራ»፣ «እንደተጠየቀው ይፈጸም»። ተቃዋሚ ከሌለ በአንድ መዶሻ ሁሉም ይጸድቃል። ዝርዝሩን ማዘጋጀት የምክር ቤቱ ጸሐፊ የትያርድ ሥራ ነው። ትያርድ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ዌሰል፣ ያቺን ነገር ሞልተህ አምጣልኝ» እያለ ሲፈርምበት ኖሯል። በስብሰባው ዋዜማ እስከ አሥር ሰዓት የደረሰ ደብዳቤ ሁሉ ይገባል።

ዌሰል የሙዚቃ ጓዱ ጸሐፊም ነው፤ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ። ስለዚህ በጓዱ ስም ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ሦስት ጊዜ ቀደደ፣ በአራተኛው ተሳካለት። ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ፣ ለራሱ አስረከበ፣ ከራሱ ተቀበለ፣ «ደርሷል» የሚል ማኅተም መታበት፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ አራተኛ አድርጎ አስገባው፤ «የሙዚቃ ጓዱ ትልቅ ጥሩንባ አገልግሎት ስለሚቀጥልበት ሁኔታ ምስክርነት ስለመጠየቅ። እንደተጠየቀው ይፈጸም።» አንዲትም ሐሰት የለችበትም። ደብዳቤው እንዳለ ከሥሩ ተያይዟል። ትያርድ ስልክ እያወራ ፈረመ። አሥር ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ለአሥራ ሦስቱም አባላት ተላከ።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ስብሰባው ተከፈተ። ሙኪቢ የሙዚቃ ጓዱን ባለወርቅ ቁልፍ ኮት ለብሶ፣ ጥሩንባውን ታቅፎ ፊተኛው የሕዝብ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል። ዌሰል ግድግዳውን ተደግፎ፣ ብስኩት ቆርቆሮውን ይዞ ቆሟል።

«ደብዳቤዎች» አለች ከንቲባዋ ወይዘሮ ኦስተርሆፍ። «አስተያየት ያለው?»

ሊደዋይ የራሷን ንግግር በከንፈሯ እያነበነበች ነበር። በግ አርቢው ኤፖ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ተኩላ ይሥላል። ትያርድ ኮምፒውተሩን ይነካካል።

«የለም። ጸደቀ።» መዶሻው ኳ አለ። ዌሰል የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ሰባት ከአሥራ ሁለት።

ከዚያ ዩጋንዳ መጣ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። «እናወግዛለን» የሚለው ከላይ ይሁን ከታች ተባለ። አንዱ «እንጸልያለን» ይጨመር አለ፣ አንዱ የለም ይህ ምክር ቤት አይጸልይም አለ፣ ሁለቱ ለግማሽ ሰዓት ተነካከሱ። በመጨረሻ ኤፖ ተነሣ።

«ስለ ሰው መብት ተቃውሞ የለኝም» አለ። «ግን ደብዳቤ ከተጻፈ አይቀር ተኩላውም ይወገዝ። ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ በግ ጨርሶብኛል።»

«ክቡር አባል፣ ተኩላውንና ፕሬዚዳንቱን ምን አገናኛቸው?»

«ሁለቱም ደብዳቤ አያነቡም።»

ተኩላው በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ሊደዋይ የማጠቃለያ ንግግሯን አደረገች። እንባዋ በትክክለኛው ቦታ መጣ። «ዛሬ ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እንሆናለን» አለች። «ከነሱም አንዱ እነሆ በመካከላችን አለ።» ሁሉም ዞረው አጨበጨቡ። ሙኪቢ ከነጥሩንባው ተነሣ። ጭብጨባው ሲያበቃ አፉን ከፈተ።

«አዝናለሁ» አለች ከንቲባዋ፣ ከልቧ አዝና። «ያልተመዘገበ ሰው መናገር አይፈቀድለትም።»

«ዝምታው ራሱ ይናገራል» አለች ሊደዋይ።

ሙኪቢ ተቀመጠ። ሲቀመጥ አፉ ለካ ጥሩንባው ላይ አርፎ ኖሮ፣ የዋጠው ትንፋሽ ብው ብሎ ወጣ፤ መስኮቱ ተርገበገበ። ትያርድ ቃለ ጉባኤው ላይ «ከሕዝብ መቀመጫ ድምፅ ተሰማ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ፤ አሥራ ሁለት ድጋፍ፣ በተኩላው ምክንያት አንድ ተቃውሞ።

ሰው ሁሉ ወደ ባንዲራው ሲወጣ ዌሰል የሚፈረሙትን ወረቀቶች ክምር ይዞ ከንቲባዋን ኮሪደር ላይ ያዛት። ዘወትር ቆማ ነው የምትፈርመው፣ ሳታይ። በዚያ ቀን ግን፣ የሰው ዕድል ጠማማ ነው፣ ስኪብሪቶዋ ቀለም አልቆባት ሌላ እስኪያቀብላት ድረስ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ዌሰል፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምክር ቤቱ የወሰነው ነው፣ ክብርት ከንቲባ።»

«መቼ?»

«ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ። መዶሻውን የመቱት እርስዎ ነዎት።»

ጮክ ብላ አነበበች። «‹የዛንደርሜር ምክር ቤት፣ አቶ ሙኪቢ በዚህች ከተማ ሦስት ዓመት መኖሩን፣ ወንድ የሚወድ መሆኑንም ከተማው ሁሉ የሚያውቀው መሆኑን ያረጋግጣል። ከብስክሌት ጠጋኙ ከሐርመን ጋር ሁለት ዓመት ኖሮ በፓንኬክ ምሽት ሲለያዩ፣ የክላርኔት ሁለተኛ ረድፍ በሙሉ አልቅሷል። ካለቀሱት አንዷ የዚህ ምክር ቤት አባል ናት።›»

ሊደዋይና ትያርድ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ኤፖም ኮፍያውን ሊያነሣ ተመልሶ ከኋላቸው ቆሟል።

«ይሄ ማጭበርበር ነው» አለች ሊደዋይ።

«ዝርዝሩ ከትናንት ጀምሮ እጃችሁ ላይ ነው» አለ ዌሰል። «አራተኛዋ መስመር ናት። አምስተኛ የለም።»

«ትያርድ፣ ሰርዘው።»

ትያርድ የደንቡን መጽሐፍ አገላበጠ። «የጸደቀን ለመሰረዝ ምክር ቤቱ እንደገና ተሰብስቦ መወሰን አለበት። ለምን እንደተሰረዘም በቃለ ጉባኤ ይገባል።»

«ምን ተብሎ?»

«አላነበብነውም ተብሎ።» መጽሐፉን ዘግቶ ጨመረ፤ «በቀጥታ ስርጭት ነው። ደግሞ ከመስከረም በፊት ስብሰባ የለም።»

ከንቲባዋ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። «ሊደዋይ፣ ይሄ የተጻፈው እውነት ነው?»

«የቱ?»

«ለቅሶው።»

ሊደዋይ ጫማዋን አየች። «ትንሽ» አለች። «መሐረብ እስከ መዋስ የደረሰችው አጠገቤ የነበረችው ናት።»

«አውቀሽው ነው እንግዲህ።»

«ማወቅና በሥልጣን መናገር ይለያያል።»

«እኔ ፖለቲካ አልችልም» አለ ኤፖ ከኋላ፣ ኮፍያውን እያሽከረከረ። «እናቴ የተቀበረች ለት ዝናብ ነበር፣ ሌሎቹ ነፊዎች መኪና ውስጥ ገቡ። ያ ልጅ ብቻውን፣ ጥሩንባው ውሃ እየሞላ፣ እስከ መጨረሻው ነፋ። ፈርሚለት፣ ወጥተን ባንዲራውን እንስቀል።»

ከንቲባዋ ዌሰልን አየችው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የቢሮው ሰው እንዲህ አይቶት አያውቅም፤ ደስ አላለውም። «ስኪብሪቶ ስጠኝ» አለችው። ፈረመች። ማኅተሙን ዌሰል ራሱ መታው፤ ሁለት ጊዜ፣ አንደኛው ስለደበዘዘበት።

ውጭ ጋዜጠኛ ነበር። ሊደዋይ ደረጃው ላይ ቆማ «ይህ ምክር ቤት ዛሬ ከቃል አልፏል፤ አንድን ሰው በስሙ ጠርቷል» አለች። የራሷን ድምፅ ሰምታ ሳይሆን አይቀርም፣ በንግግሩ መካከል ራሷም አመነችው፣ እንባዋም እንደገና በትክክለኛው ቦታ መጣ። ፎቶ አንሺው መሣሪያውን ደቀነ።

«አባባ፣ ባለከበሮው፣ ትንሽ ወደ ግራ። ባንዲራውን ጋርደኸዋል።»

ዌሰል ወደ ግራ ሄደ። አሁንም ወደ ግራ አለው፤ አሁንም ሄደ። በጋዜጣው ላይ የወጣው የከበሮው ጠርዝ ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ለፖስታ አልሰጠም። ስለ ፖስታ የሚያውቀውን ያውቃል። ብስኩቱን ገልብጦ ወረቀቱን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ፣ ቆርቆሮውን ብስክሌቱ ላይ አሰረ፣ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጠ ጠበቃዋ ዘንድ ደረሰ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ተቀበለችው። ወረቀቱን አሸተት አደረገችው። «ቀረፋ ቀረፋ ይላል» አለች።

ሰኞ አውሮፕላኑ ያለ ሙኪቢ ሄደ። በጥቅምት ወር መሥሪያ ቤቱ መልስ ሰጠ። አመልካቹ ራሱ የተናገረው አሁንም በቂ አይደለም ይላል ደብዳቤው፤ ነገር ግን አንድ ሕጋዊ ምክር ቤት ያለ አንድም ተቃውሞ ያጸደቀውን፣ በተለይም የክላርኔት ሁለተኛ ረድፍን የሚመለከተውን፣ ችላ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ታምኗል፤ ይኑር። ሙኪቢ ይህን ለሙዚቃ ጓዱ ሲያነብ ሁለተኛው ረድፍ ዳግመኛ አለቀሰ፤ ሊደዋይ ከሁሉም በላይ። ለዌሰል አንድም ሰው ምንም አላለው፤ ደብዳቤውን የጻፈው ምክር ቤቱ ነዋ።

በኅዳር ሙኪቢ ከልምምድ በፊት ሊወስደው ማዘጋጃ ቤት መጣ። ዌሰል የዕለቱን ፖስታ ይለያል። ከመካከሉ አንድ የተጎሳቆለ ወፍራም ፖስታ አወጣ፣ «ለላኪው ይመለስ» የሚለውን ማኅተም አየና መሳቢያውን ሳበ።

«ሴቦ፣ እዚያ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ፕሬዚዳንቶች።»

«ይሄኛውስ?»

«ያንተው አገር ፕሬዚዳንት ነው። ዛሬ ተመልሶ ገባ።»

ሙኪቢ ተቀብሎ በእጁ መዘነው። ከፍቶ ግማሽ ገጽ ያህል አነበበ፣ ቀሪውን ሦስት ገጽ ተኩል ቆጥሮ መልሶ አጠፈው።

«ጥሩ ነው የተጻፈው» አለ። «እኔ ግን የለሁበትም።»

መሳቢያው በስምንተኛው አልዘጋ አለ። ሙኪቢ በጉልበቱ ቢገፋውም አልሆነ። ዌሰል «ተወው» አለው። ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረደ፣ ሁለት ብስኩት አውጥቶ ሰጠው፣ ክዳኑንም ሳይከድን አስቀመጠው።